መኪናው ከሩቅ ይሳለም

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራንስፖርት ቢሮ
ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አስተዳደር፤ ለመሳለሚያና ለመርካቶ ነጋዴዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በባቡሩ የጫፍ ጣቢያዎች የመኪና ማቆሚያና የተሳፋሪ መቀባበያ ቦታ እንዲሠራ ስለመጠየቅ



መሳለሚያ እህል በረንዳ ጤፍና ጥራጥሬ የምነግድ ሴት ነኝ። ማደሪያዬ ግን የካ አባዶ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ከሄድን ዓመታት አልፈዋል። ስለ መንገድ ምህንድስና የተማርኩት ነገር የለም። የማውቀው ሚዛን ነው፤ ወዲህ ሲጨመር ወዲያ ምን እንደሚጎድል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝም አንድ ማለዳ ከአንድ ጫኝና አውራጅ አፍ የሰማሁት ቃል ነው።

እንደምታውቁት ከባድ የጭነት መኪና በቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከተገደበ ወዲህ እህላችን የሚራገፈው በሌሊትና በማለዳ ነው። የዚያን ቀን ከጎጃም የመጣ ጤፍ ልረከብ ሌሊት 10 ሰዓት ከቤቴ ተነሣሁ። አሮጌዋን ዲኤክስ መኪናችንን ከመጋዘኔ ደጃፍ አስጠግቼ አቆምኩና ወደ ውስጥ ገባሁ። ጎረቤቶቼም በየተራ መጥተው ከፊቴና ከኋላዬ አቁመው ኖሮ፣ ጭነቱ ሲደርስ ደጃፉ በሙሉ ተይዟል። የእኔን ፈቀቅ ላድርግ ብልም መውጫ የለኝም። የጭነት መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሠራተኞቹም እያንዳንዱን ኩንታል ተሸክመው መኪኖቹን እየዞሩ አስገቡት። ሲጨርሱ ከመካከላቸው ጠና ያለው ሰውዬ ላቡን ጠረገና በለሰለሰ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ዛሬ የተሸከምኩት ጤፉን አይደለም፤ መኪናዎን ነው» አለኝ።

የድካሙን ከፈልኩት። ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልከፈልኩትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ደጃፌ ተቀምጬ መኪኖቹን መመልከት ጀመርኩ። የገዢ መኪና ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ዕቃ የሚያመላልሰው አይሱዙ ያራግፍና ይወጣል። ሚኒባሱም ወያላው «መሳለሚያ! መሳለሚያ!» እያለ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ ይነጉዳል። ከማለዳ እስከ መግሪብ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ የሚውሉት አብዛኞቹ የእኛው የነጋዴዎቹ መኪኖች ናቸው። ስለ መጨናነቅ ስናማርር የምንከሰው ሲኖትራኩን፣ ጋሪውን፣ የጎዳና ነጋዴውን ነው። መንገዱ ላይ ቀኑን ሙሉ ተኝቶበት የሚውለው ግን የእኛ ንብረት ነው። ይህን ለመናገር ያፍራል ሰው፤ እኔም አፍሬ ነው የምጽፈው።

የመንገድ መዘጋት ነገር የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ፣ የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበትና በአካባቢው መጨናነቅ ምን ያህል እንደተቸገሩ አገር ሁሉ ሰምቷል። ያን ምሽት እኛ መሳለሚያ ሆነን ጭሱን እያየን ስንጸልይ፣ እኔ በልቤ የራሴን ደጃፍ ነበር የማስበው። እሳቱ እዚህ ቢነሣ ኖሮ የውኃ ቦቴው በየት ይገባ ነበር?

ታዲያ መድኃኒቱ የት ነው? ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚሁ መርካቶ ውስጥ ይፈለጋል፤ መንገድ ይስፋ፣ ፎቅ ማቆሚያ ይሠራ፣ ደንብ አስከባሪ ይጨመር ይባላል። ሁሉም ጥሩ ነው። የመሳለሚያ መጨናነቅ ግን የሚወለደው መሳለሚያ አይደለም። አባዶ፣ ጣፎ፣ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ዓለም ባንክ ማለዳ ይወለድና መንገድ ላይ አድጎ፣ ጎርምሶ፣ እኛ ደጃፍ ሲደርስ ጎልማሳ ይሆናል። ጎልማሳውን ደጃፋችን ላይ ከመታገል ሕፃኑን ቤቱ አጠገብ መያዝ ይቀላል።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተካሄደው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ የመሃል ከተማ ሰው ቤት አገኘ፤ የተመሰገነ ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ግን መሬት በተገኘበት በከተማዋ ጠርዝ ነው። ከአዲስ ከተማ፣ ከልደታ፣ ከአራዳ ሰው ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ሄደ። ገበያው፣ ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቀረ። ቤታችን ሄደ፣ ሥራችን ቀረ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንበላዋለን፤ እሱም ዕድሜያችንን ይበላል።

ባቡሩ የመጣው እንግዲህ ይህን ርቀት ሊያሳጥር ነበር። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የቃሊቲው መስመር ሥራ ጀመረ፤ ጥቅምት 29 ቀን ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች ያለው ተከተለ። በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና 39 ጣቢያዎች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ። የመጀመሪያው ሰሞን መርካቶ እንዴት እንደተደሰተ አስታውሳለሁ። ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ዕቃ ሊገዙ የሚመጡት ብቻ አልነበሩም፤ ባቡሩን ለማየት ብቻ ልጆቻቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቃሊቲ ደርሰው የሚመለሱ ነበሩ።

ካርታውን ዘርግታችሁ እዩት። ከአያት የተነሣ ሰው እስጢፋኖስን አልፎ ስታዲየም ይደርሳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ እዚያ መሃል በአንዱ ጣቢያ ወርዶ ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር ይሳፈራል፤ አብነትን፣ ሰባተኛን አልፎ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። ከዚያ እስከ መሳለሚያ በእግር ነው። እኔ የምሄድበት መንገድ ሐዲድ ተነጥፎለት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል ማለት ነው። የጎደለው መጀመሪያው ነው፤ ከአባዶ እስከ አያት ያለው ቁራጭ። ባቡሩ ሲሠራ በጫፍ ጣቢያዎቹ ሰው መኪናውን አቁሞ የሚሳፈርበት በቂ ቦታ አብሮ አልተሠራም። ስለዚህ በየማለዳው የአያትን ጣቢያ በመስኮት እያየሁ አልፌው፣ መኪናዬን ከተማውን ሙሉ ሰንጥቄ እህል በረንዳ አምጥቼ አስቀምጣታለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ባዶዋን ይዣት እመለሳለሁ።

የእኛ ሰፈር ስም ለዚህ ነገር መልስ ያለው ይመስለኛል። መሳለሚያ ማለት ቆሞ መሳለሚያ ቦታ ነው። ወደ ደጀ ሰላሙ መግባት ያልቻለ፣ የቸኮለ፣ ሸክም የያዘ ሰው ከሩቅ ቆም ይላል፤ ያማትባል፣ እጅ ነሥቶ ያልፋል። አልገባሁም ብሎ አይከፋም፤ ለሁሉም እንደ አቅሙ ቦታ ተሰጥቶታል። እኔ የምጠይቃችሁ አዲስ አበባ ለመኪናዎቿ መሳለሚያ እንድታበጅላቸው ነው። መኪናው አያት ላይ፣ ቃሊቲ ላይ፣ ጦር ኃይሎች ላይ ከሩቅ ተሳልሞ ይቅር። ሰውዬው ይግባ።

ይህ ከፈረንጅ አገር የተቀዳ ብልሃትም አይደለም። የገጠር ገበያ ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበያተኛ በቅሎውንና አህያውን እየነዳ እህል ሻጮች መሃል አይገባም። ከገበያው ዳር የታወቀ ማሰሪያ ቦታ አለ፤ እዚያ ያስራል፣ ለጠባቂ ልጅ ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፣ ጭኖ ሲመለስ ይፈታል። በቅሎው ገበያ መሃል ቢገባ እህል ይበላል፣ ሕፃን ይረግጣል፣ ሥርዓት ያፈርሳል። አያቶቻችን ለአንድ ቀን ገበያ ያሰቡትን እኛ በየቀኑ ለሚውል ገበያ ረስተነዋል።

እናንተም ቢሆን ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ። ድሮ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሁሉ አውቶቡስ ተራ ነበር የሚገባው። ኋላ ላይ በየአቅጣጫው ተከፋፈለ፤ ላምበረት፣ አስኮ፣ ቃሊቲ፣ አየር ጤና መናኸሪያ ተሠራ። ብዙ ሰው የሚጭነው አውቶቡስ ጠርዝ ላይ ይቁም ያለ ከተማ፣ አንድ ሰው ብቻ ለጫነችው ዲኤክስ መሃል ድረስ መግባት ለምን ይፈቅድላታል?

አትክልት ተራንም ተመልከቱ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። የባቡሩ ጣቢያ ግን ዛሬም «አትክልት ተራ» ነው የሚባለው። ጣቢያው አለ፣ አትክልቱ የለም፤ አትክልቱ በሄደበት ደግሞ ባቡር የለም። ሥራና ቤት፣ ገበያና ሐዲድ ሲተላለፉ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ነገ እህል በረንዳም ወደ ጠርዝ ይሂድ ከተባለ፣ ከመሄዱ በፊት ሰው በምን እንደሚደርስበት ይታሰብ።

መኪና ማቆሚያ አልሠራችሁም አልልም። መገናኛና ወሎ ሰፈር በማሽን እየተነሣ የሚደራረብ ማቆሚያ ተሠርቷል። ሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ የምድር ቤት ማቆሚያ 1,400 መኪና ይይዛል ተብሏል። የኮሪደር ልማቱም በየመንገዱ ማቆሚያ እያበጀ ነው። ሥራው ያኮራል። ነገር ግን ትልልቆቹን አስተውሉ፤ መሃል ላይ ናቸው። መሃል ላይ የተሠራ ማቆሚያ መኪናውን «ና፣ ግባ፣ ቦታ አለህ» ብሎ ይጠራዋል። ጠርዝ ላይ የተሠራ ማቆሚያ «እዚህ ድረስ ደክመሃል፣ ዕረፍ» ይለዋል። በአንዱ ገንዘብ መጨናነቅ እንገዛለን፣ በሌላው እንሸጣለን። መሃል ከተማ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ምን እንደሚያወጣ ደግሞ እኔ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ ልጥቀስ፤ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የእናንተው የባቡር ሠራተኞች የሚያነሡት ይመስለኛል። ባቡሩ ራሱ ተዳክሟል። መስመሩ ሥራ ሲጀምር ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫና በጥገና ችግር ከአገልግሎት ውጭ ሆነው እንደቆዩ በይፋ ተነግሯል። ይህ እውነት ባለበት አያት ላይ ሰፊ ማቆሚያ መሥራት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እቀበላለሁ። ማንም ሰው ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ መኪናውን ትቶ አይሳፈርም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ባቡሩ፣ ቀጥሎ ማቆሚያው። ነገር ግን የመለዋወጫው ጉዳይ እስኪፈታ ቦታውን አጥሮ ማቆየት ይቻላል። ዛሬ ያልተያዘ መሬት ነገ ፎቅ ይበቅልበታል፤ ያኔ ባቡሩ ቢድንም ማቆሚያው ቦታ አያገኝም። በአያትና በቃሊቲ የባቡሩ ማደሪያና መጠገኛ ግቢዎች አሉ። ከእነሱ አቅራቢያ የሚገኝ ክፍት ቦታ ካለ ከሁሉ በፊት እሱ ይጠበቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። መኪና ያለው ስንት ሰው ነው? በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ ጉዞ በእግር ነው የሚካሄደው። ከቀረው አብዛኛው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው። ጤፉን የተሸከመልኝ ሰውዬ መኪና የለውም፤ ሚዛን የምትይዝልኝ ልጅም የላትም። ታዲያ ለእኔ ዲኤክስ መሬት ይሰጠኝ ማለት ምን ያህል ተገቢ ነው? መልሴ ይህ ነው፤ ቦታው ለእኔ ብቻ አይሠራ። የጫፍ ጣቢያ ሲባል መጀመሪያ የሚቀድሙት የከተማ አውቶቡሶች፣ ቀጥሎ ሚኒባስና ባጃጅ፣ ቀጥሎ ብስክሌትና እግረኛ፣ መጨረሻ ላይ የቤት መኪና ይሁኑ። ከጣቢያው በር የቀረበው ቦታ ለአውቶቡሱ ይሰጥ፤ የእኔ መኪና ራቅ ብላ ትቁም፣ እኔ ልራመድ። ግን ደግሞ እኔ መኪናዬን አያት ትቼ ከሄድኩ፣ ከአያት እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ መርካቶ ያለው መንገድ በአንድ መኪና ይቀለዋል፤ የሚጠቀመውም በአውቶቡስ የተሳፈረው ነው። ባለ መኪናው ከመንገድ ሲወርድ የሚፈጥነው ድሃው ነው።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ያበላሻል። መኪናው ይሰረቃል የሚል ፍርሃት ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና ያቆመ ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ስፖኪዮውን ነው። ስለዚህ ማቆሚያው አጥር፣ መብራትና ጠባቂ ከሌለው ባዶ ይቀራል። ይህ ደግሞ የሥራ ዕድል ነው። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ሰደርያ ለብሰው ኩፖን እየቆረጡ መኪና የሚጠብቁ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አሉ። የጫፍ ጣቢያዎቹን ለእነሱ ስጡ። ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለሉበት ቤት፣ ካሜራ፣ የሚያስተዛዝን ደመወዝ ይኑራቸው። መሬቱን ማስተካከልና ጠጠር ማልበስ ለጅምር ይበቃል፤ በመስተዋት የተሸፈነ ፎቅ አልጠየቅንም።

ሴት ስለሆንኩ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ሱቄን ዘግቼ ስወጣ የማስበው ባቡሩን ሳይሆን ከባቡሩ ከወረድኩ በኋላ ያለውን ሦስት መቶ ሜትር ነው። መብራት አለ? ሰው አለ? መጸዳጃ አለ? ልጅ ያዘለች፣ ዘንቢል የያዘች፣ እርጉዝ የሆነች እንዴት ትወጣለች? ሰውን ከጣቢያ የሚያርቀው ሐዲዱ አይደለም፤ ከሐዲዱ እስከ ሰው ቤት ያለው ክፍተት ነው። ቀላል ባቡሩ መሬት ላይ በሚሄድባቸው ሰፈሮች በአጥር ተከልሎ መሻገሪያው ስለሚርቅ፣ እግረኛ ምን ያህል እንደሚዞር ሲኤምሲ አካባቢ የሚኖሩ ያውቃሉ። አዲሱ ሥራ ይህን ስህተት አይድገም።

የሌላ አገር ልምድ ልጥቀስ፤ ሩቅ ሳልሄድ፣ ከዚሁ ከአፍሪካ። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ስዮኪማው የከተማ ዳር ባቡር ጣቢያ ስትከፍት፣ ሰዎች መኪናቸውን እዚያ አቁመው ወደ መሃል እንዲገቡ ማቆሚያ አብራ ሠርታለች። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ዋንጫው ዋዜማ ጀምራ ኋላ ጆሃንስበርግንና ፕሪቶሪያን ያገናኘችበት ጋውትሬይን፣ በአብዛኞቹ ጣቢያዎቹ ማቆሚያና ተሳፋሪ የሚያደርሱ አውቶቡሶች አሉት፤ ሰዎች አውቶቡሱንም ባቡሩንም በአንድ ካርድ ይከፍላሉ። ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከዳካር ወደ አዲሷ ከተማ ዲያምኒያዲዮ የሚወስድ 36 ኪሎ ሜትር የከተማ ዳር ባቡር ጀምራለች። ሦስቱም ከእኛ የተለየ ገንዘብ ይኖራቸው ይሆናል፤ ሦስቱም ግን ባቡሩ ከጠርዝ እንደሚጀምር ገብቷቸዋል።

ስለ ጠርዝ ካነሣን ፉሪ ለቡም አለ። ጥንት ከጅቡቲ የሚመጣው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ዛሬ የከተማዋ ሆድ በሆነው ለገሃር ገብቶ ነበር የቆመው። ከአቃቂ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆ የተሳፈረ ሰው ለገሃር ወርዶ በእግሩ ሥራው ይደርሳል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ተሳፋሪውን የሚያወርደው ፉሪ ለቡ፣ ከከተማዋ ደጃፍ ነው፤ ከቀላል ባቡሩም ጋር አይገናኝም። ሁለት ሐዲዶች በአንድ ከተማ አሉ፤ አይተዋወቁም። ፉሪ ለቡ ላይ ጥሩ የአውቶቡስ መቀባበያና ማቆሚያ ቢሠራ፣ ከዚያ እስከ ቀላል ባቡሩ የሚያደርስ ፈጣን አውቶቡስ ቢመደብ፣ የሰበታና የቢሾፍቱ ሰው ለመሃል ከተማ ሥራ በየቀኑ በባቡር መመላለስ ያስብ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዙሪያችን ያሉት ብዙዎቹ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ፣ ይህ የሁለት አስተዳደሮች ሥራ እንደሆነ ይገባኛል። መጨናነቁ ግን ወሰን አያውቅም፤ የማንኛችሁን ማኅተም ሳይጠይቅ ነው የሚሻገረው።

እንግዲህ የምጠይቀውን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ነጋዴ ነኝና ዝርዝር ይቀለኛል።

1. የባቡሩ ጥገናና መለዋወጫ ጉዳይ ከሁሉ ይቅደም። ባቡሩ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ በየጣቢያው ይለጠፍ፤ የተለጠፈውም ይከበር።

2. በአያት፣ በቃሊቲና በጦር ኃይሎች ለማቆሚያና ለመቀባበያ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ተከልሎ ይያዝ። ሥራው በቀላሉ፣ በጠጠር ሜዳ፣ በአጥር፣ በመብራትና በጥበቃ ይጀመር።

3. ከአያት ወደ አባዶ፣ ጣፎና አራብሳ፤ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፤ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ኮልፌ የሚያደርሱ አውቶቡሶች ከባቡሩ ሰዓት ጋር ተናብበው ይመደቡ። ጣቢያው ላይ የደረሰ ሰው ለሌላ ረጅም ሰልፍ አይዳረግ።

4. የማቆሚያው፣ የአውቶቡሱና የባቡሩ ክፍያ በአንድ ካርድ ይሁን። መኪናውን አያት አቁሞ በባቡር የሚሄድ ሰው ለማቆሚያው የሚከፍለው፣ መርካቶ መንገድ ላይ ከሚያቆም እጅግ ያነሰ ይሁን።

5. በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በርክቷል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን መሙያ ገመድ በመስኮት አይጥልም። የጫፍ ጣቢያ ማቆሚያዎች ላይ የመሙያ ቦታ ይኑር፤ መኪናው ቀን ሙሉ ቆሞ ሲውል ይሞላል፣ ባለቤቱ ሲመለስ ዝግጁ ይጠብቀዋል።

6. እዚህ በእኛ ጫፍ፣ ከአውቶቡስ ተራና ከሰባተኛ ጣቢያዎች እስከ መሳለሚያ ንጹሕ፣ ብርሃን ያለው፣ ጋሪ የሚገፋበት የእግረኛ መንገድ ይሠራ። የመርካቶ ገበያተኛ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የባቡር ጣቢያው ደረጃ ዕቃ የያዘ ሰው ታስቦበት ይስተካከል።

ከእናንተ ብቻ ጠይቄ ዝም ብል የነጋዴ ደንብ አይሆንም፤ ዋጋ ሲጠራ ከፋዩም ድርሻውን ይናገራል። ስለዚህ ግልባጩ ለደረሳችሁ ጎረቤቶቼ እላለሁ፤ ማቆሚያው የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ እኛም የምንሰጠው አለ። የደጃፋችንን መንገድ የራሳችን ርስት አድርገን መቁጠር እናቁም። መርካቶ ውስጥ መኪና ማቆም በሰዓት ይወሰን፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚያቆም ዋጋው ይወደድ፤ ቅድሚያው ለሚጭንና ለሚያራግፍ ይሁን። መጀመሪያ የሚጎዳው እኛን ይመስለናል። ግን አስቡት፤ ገዢ ማቆሚያ አጥቶ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ገንዘቡን የሚያጣው ማን ነው? መንገዱን ለገዢው ብንለቅለት የምናተርፈው እኛ ነን።

ይህን ስጽፍ ያ ጫኝና አውራጅ ሰውዬ አሁንም እህል በረንዳ አለ፤ ትናንት ጠዋትም አይቼዋለሁ። ኩንታል ተሸክሞ መኪኖቹን እየዞረ ነው። ትርፉን እርምጃ ቆጥሬ ልከፍለው አልችልም፤ ማንም አይችልም። ደጃፉን መልቀቅ ግን እችላለሁ።

ስለዚህ አያት ላይ ጠጠር የለበሰ፣ አጥር ያለው፣ ጠባቂ የቆመበት ሜዳ የሚከፈትበት ቀንና ባቡሩ በሰዓቱ የሚመጣበት ቀን አንድ ላይ ሲገጥሙ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ አድርጉኝ። ዲኤክሴን እዚያው አቁሜ፣ ቁልፏን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቼ እመጣለሁ። የመጋዘኔን ደጃፍ የማለዳው ጭነት ባዶውን ያገኘዋል፤ ጤፉም ከመኪናው ጀርባ ቀጥታ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የመሳለሚያ እህል በረንዳ ነጋዴ፣ የየካ አባዶ ነዋሪ
አዲስ አበባ